372 ደቂቃ የጠበቁት ሰውዬ

ሰውዬው ጠዋት 2:40 ላይ ካርድ አወጡ። ትሪያጅ፣ ማለትም ታካሚ መጀመሪያ ታይቶ የሚለይበት ክፍል፣ የገቡት 8:52 ላይ ነው። ኤክሴል ቀንሶ 372 ደቂቃ አለኝ። ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ መሆኑ ነው። ዕድሜያቸው 50፣ የመጡበት ምክንያት ሳል። "ወይ ምስኪን!" አልኩና ወደ ቀጣዩ መስመር አለፍኩ።

ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነው። በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ ማታ ማታ ማስተርስ እማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ጥያቄ ቀላል ነው። መሃል ከተማ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ሰው ካርድ ካወጣ በኋላ ትሪያጅ እስኪገባ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርድ ክፍል ተቀምጬ 240 ካርድ በእጄ ገለበጥኩ። አማካዩ 77 ደቂቃ መጣ። አድቫይዘሬ ቁጥሩን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ይሄማ ጥሩ ፋይንዲንግ ነው" አሉኝ። እኔም ቻፕተር ፎር ላይ "ታካሚዎች በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠብቃሉ" ብዬ ጻፍኩ።

የስታቲስቲክስ ኮርስ ወስጄ ነበር። አስተማሪው በሁለት ቅዳሜ ስላይዱን ሁሉ አሳልፈው ጨረሱት። ፎርሙላ ሸምድጄ ፈተናውን በቢ አለፍኩ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ምንድን ነው ብትሉኝ ግን ፎርሙላውን እጽፍላችኋለሁ እንጂ ምን እንደሚነግረኝ አላውቅም ነበር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ "የዳታ ትንተና እንሠራለን" የሚል ወረቀት መስታወታቸው ላይ የለጠፉ ቤቶች ሞልተዋል። እኔም ገብቼ ጠይቄያለሁ። የወር ደመወዜን ግማሽ ጠሩብኝ። ከፍለው በሚያሠሩ ሰዎች አልፈርድም፤ ልጅ፣ ሥራና ትምህርት አንድ ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ። ችግሩ ዲፌንስ ላይ የሚቆመው ከፋዩ መሆኑ ነው። የክፍላችን አንድ ልጅ "ይህን ቴስት ለምን መረጥክ?" ሲባል ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። ገንዘቡም ስላልነበረኝ፣ እሱንም ስላየሁ፣ ስልኬን ከፈትኩ።

የመጀመሪያ መልእክቴን ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ሰላም ቤተሰብ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚችል ሰው ኢንቦክስ ያድርገኝ" ብዬ ለጠፍኩ። ኤስፒኤስኤስ ዳታ የሚተነተንበት ሶፍትዌር ነው። ኢንቦክስ ያደረጉኝ ሦስቱ ዋጋ ነገሩኝ። አራተኛው "ሃይ" ብሎ ቀረ።

ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። "ቲ ቴስት ልጠቀም ወይስ አኖቫ?" አልኩ፤ ሁለቱም የቡድኖችን አማካይ ማወዳደሪያ ናቸው። በግሩፑ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አንድ ሰው አሉ። ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፤ በአካል አግኝቻቸው አላውቅም። "አንቺ ልጅ፣ ምን ማወቅ ፈልገሽ ነው?" ብለው መለሱልኝ። ተናደድኩ። የጠየቅኩት እኮ ግልጽ ነው! ኋላ ግን ጥያቄያቸውን ለመመለስ ስሞክር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ምን ማወቅ እንደፈለግሁ ራሴም አላውቅም ነበር ለካ።

በሦስተኛው ቀን የጻፍኩት ይህን ይመስላል፦

"ጋሼ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎት። ማወቅ የምፈልገው ጠዋት የሚመጣ ታካሚና ከሰዓት የሚመጣ ታካሚ የሚጠብቁት ጊዜ ይለያይ እንደሆነ ነው። 240 ካርድ አለኝ። እያንዳንዱ ላይ ካርድ የወጣበት ሰዓትና ትሪያጅ የገባበት ሰዓት አለ። አማካዩ 77 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሃያ መስመሮች ስም አጥፍቼ አያይዣለሁ።"

ስም ማጥፋቱን አደራ። የታካሚ ስም፣ ስልክም ሆነ የካርድ ቁጥር ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። የሐኪም ቤት ሰዎች ጭምር ሲረሱት አያለሁ።

ይህንኑ በእንግሊዝኛ አዙሬ የውጭ አገር ሰዎች የስታቲስቲክስ ጥያቄ የሚመልሱበት ቦታም ጠየቅኩ። እንግሊዝኛዬ ቆንጆ አልነበረም፤ ማንም ግን ስለ እንግሊዝኛዬ አላነሳም። አንድ ሰውዬ "ማንኛውንም ቴስት ከመሥራትሽ በፊት ሂስቶግራም ሥሪና አሳዪኝ" አለኝ። ሠራሁ። ሂስቶግራም ስንት ሰው ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ በግንድ ቁመት የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሁለት ኮረብታ ወጣ። አንዱ ትልቅ፣ 20 ደቂቃ አካባቢ። ሌላው ትንሽ፣ ሩቅ፣ 380 ደቂቃ አካባቢ። መሃሉ ባዶ ሜዳ ነው፤ ሁለት ሰዓት የጠበቀ ሰው የለም፣ አራት ሰዓት የጠበቀም የለም።

መልሱን ያነበብኩት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። "ሁለቱ ኮረብታዎች ቅርጻቸው አንድ ነው። የሚራራቁት በ360 ደቂቃ ነው። እናንተ አገር 360 የተለየ ትርጉም አለው?" ይላል። ልክ ያንን ሳነብ ወያላው ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ሒሳብ!" አለኝ። ሳንቲም እየፈለግሁ ስልኬን አየሁት። 9:15 ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው።

ልቤ ድው አለ። የፈረንጅ ሰዓት!

በማግሥቱ ካርዶቹን እንደገና አስወጣሁ። ስድስት ሰዓት እና ከዚያ በላይ የጠበቁት 38 ሰዎች ካርድ ላይ የትሪያጁ ሰዓት በአንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፤ ስምንት ቁጥሯ ከላይ ክፍት የሆነች። ካርድ ክፍል ሰዓት የሚጻፈው በሀበሻ ነው። ከትሪያጅ ተረኞች አንዷ ግን እጇ ላይ ያለውን ሰዓት እያየች በፈረንጅ ትጽፋለች። ስጠይቃት "እኔ ሁሌም እንደዚህ ነው የምጽፈው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰውዬውም 372 ደቂቃ አልጠበቁም። 2:40 ካርድ አውጥተው 2:52 ገብተዋል። አሥራ ሁለት ደቂቃ!

ከ38ቱ ላይ 360፣ 360 ስቀንስ አማካዩ ከ77 ወደ 20 ወረደ። ለአድቫይዘሬ ይዤላቸው ስሄድ ዝም ብለው ቆዩና "እንኳን ሳናቀርበው ደረሽበት" አሉ። ጥሩ ፋይንዲንጋችን ግን በነነ።

ለውጭው ሰውዬ የእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ እንደሆነ፣ እሱ ከጠዋቱ ሰባት የሚለውን እኛ አንድ ሰዓት እንደምንል ጻፍኩለት። ተደነቀ። እሱ ስለ ካርድ ክፍላችን የሚያውቀው ነገር የለም፤ ያየው የቁጥሩን ቅርጽ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ቅርጹን አላየሁም። ከሰው እርዳታ ስጠይቅ ከዚያ ወዲህ የምጠብቀው ይህን ነው። ሰው ሩቅ ሆኖ "ይሄ ነገር እንግዳ ነው" ሊለኝ ይችላል። ለምን እንግዳ እንደሆነ ግን ተነሥቼ ካርዱን ማገላበጥ ያለብኝ እኔ ነኝ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቀን አቆጣጠርም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይበላበታል። ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኤክሴል ውስጥ ካስገባችሁ ኤክሴል የፈረንጅ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን 30/02/2015 ብላችሁ ስትጽፉ ግን የካቲታቸው 30 ስለሌለው እንደ ቀን አይቆጥረውም፤ ዝም ብሎ እንደ ጽሑፍ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። ጳጉሜንማ ተዉት። እኔ አሁን ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያየ ኮለም ነው የማስገባው። ሰዓት ካለ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ኮለም አለኝ፦ "ሀበሻ ወይስ ፈረንጅ?"

ማስተማር የጀመርኩት በ2012 ነው። አስቤበት አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ያንን የሰዓቱን ነገር ለእኔም አሳዪኝ" አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አንዲት ካፌ ተቀመጥን። በሳምንቱ ጓደኛውን ይዞ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያልን አሥራ ሁለት ሰው ሆንን። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ካፌያችንም አብሮ ሄደ። ወደ አራት ኪሎ ወጣን። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለማንበብ የሚስተካከለው የለም፤ ግን ዝም ማለት ግዴታ ነው፣ እኛ ደግሞ ጫጫታ ነን። አሁን እዚያው አካባቢ አንድ ካፌ ጥግ ይዘን በአንድ አንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት እንቀመጣለን። የባለቤቷን ፊት ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞሬ ነው የማስተምረው።

የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር አይከፈትም። ናፕኪን ላይ ሰባት ቁጥር እጽፋለሁ፤ ከዚያው ከካርዴ የወሰድኳቸው ናቸው፦ 12፣ 15፣ 18፣ 20፣ 22፣ 25፣ 372። "አማካዩን አውጡ።" 69 ይመጣል። "ከእነዚህ ሰዎች 69 ደቂቃ አካባቢ የጠበቀ ማን ነው?" ማንም። "እሺ፣ መሃል ላይ የቆመውን ፈልጉ።" 20። ሚዲያን ማለት ይኸው ነው፤ ተሰልፈው መሃል ላይ የቆመው። ከዚያ 372ን ወደ 12 አርሙትና እንደገና ሥሩ እላለሁ። አማካዩ ከ69 ወደ 18 ሊጠጋ ይወድቃል። ሚዲያኑ ከ20 ወደ 18። አንድ የተሳሳተ ቁጥር አማካዩን ገደል ይከተዋል፤ ሚዲያኑን ነካ አድርጎት ነው የሚያልፈው። ይህን በእጁ የሠራ ሰው "ሚዲያን ምንድን ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ትርጉም ሲሸመድድ አይገኝም።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽንንም እንደዚያው። አምስት ቁጥር፦ 12፣ 15፣ 18፣ 20፣ 25። አማካዩ 18። እያንዳንዱ ከ18 ስንት ይርቃል? ሲቀነስ 6፣ ሲቀነስ 3፣ 0፣ 2፣ 7። ደምሩት። ዜሮ! ሁሌም ዜሮ ነው፤ አማካይ ማለት ያ ነውና። ስለዚህ እያንዳንዱን በራሱ እናባዛለን፦ 36፣ 9፣ 0፣ 4፣ 49። ድምሩ 98። አሁን በስንት እናካፍል? በአምስት የሚሉ አሉ። ኤክሴልም ሁለት ፎርሙላ አለው፤ አንዱ በ5 ያካፍላል፣ ሌላው በ4። ናሙና ከሆነ በ4 ነው።

"ለምን?" አለችኝ አንዷ። እኔም ለዓመታት ያላወቅኩት ነገር ነው። መልሱን ያገኘሁት ጋሼ አንድ ሌሊት በላኩት ቮይስ ነው፤ ከበስተጀርባ ዶሮ ይጮኻል። "አንቺ ልጅ፣ አራቱን ርቀት ንገሪኝ፣ አምስተኛውን እኔ እነግርሻለሁ" አሉ። ሲቀነስ 6፣ ሲቀነስ 3፣ 0፣ 2። እስካሁን ሲቀነስ 7 ነው። ድምሩ ዜሮ መሆን ስላለበት አምስተኛው የግድ 7 ነው። አምስተኛው ነፃነት የለውም። በነፃነት የሚንቀሳቀሱት አራት ናቸውና በአራት እናካፍላለን። 98 ለ4፣ 24.5፤ ካሬ ሩቱ 4.95። አምስት ደቂቃ ገደማ። "እነዚህ ሰዎች ከ18 ደቂቃ ወዲህና ወዲያ አምስት አምስት ደቂቃ ያህል ይርቃሉ" ብላችሁ ለካርድ ክፍል ኃላፊዋ መንገር ትችላላችሁ፤ ይገባታል።

ናሙናን የማስተምረው በቆሎ ነው፤ በገብሱ ቆሎ። ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት አንድ ኪሎ በፌስታል ይዤ እመጣለሁ። አንዱ ተነሥቶ በሲኒ ከላይ ይቀዳል። ኦቾሎኒ ቆጥረን እንጽፋለን፦ 19። ሌላዋ ደግሞ ከላይ፦ 17። "እንግዲህ ይህ ቆሎ ኦቾሎኒ ሞልቶታል" እንላለን። ከዚያ ፌስታሉን ከሥር ቀድጄ በሲኒ እቀበላለሁ፦ 4። ታክሲ ውስጥ ሲናጥ ስለመጣ ትልልቁ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ገብሱ ወርዷል። ባልትና የሚሠሩ እናቶች ይህን ያውቁታል፤ የሚሸጡት አማስለው ነው።

አሁን ጥያቄው፣ ከላይ በሲኒ ፈንታ በጆግ ብንቀዳስ? አሁንም ኦቾሎኒ ይበዛል። ብዙ መቅዳት የተሳሳተ አቀዳድን አያርምም። ጤና ጣቢያ ሰኞ ጠዋት ብቻ ሄዶ ሺህ ሰው የጠየቀ ሰው ከላይ በጆግ እየቀዳ ነው። ሰፌድ ላይ ገልብጠን በደንብ ከቀላቀልነው በኋላ ግን አሥር ሲኒ ብንቀዳ ከ8 እስከ 13 እየተመላለሰ ይመጣል። ይህኛው መዋዠቅ የአጋጣሚ ነው፤ ሲኒው ሲተልቅ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን በቁንጥጫ ነው። መዋዠቁን በግማሽ ለመቀነስ ሲኒው አራት እጥፍ መሆን አለበት።

አንድ ልጅ "ለመቶ ሚሊዮን ሕዝብ አሥራ ስድስት ሺህ ቤት ጠይቆ ውጤት መናገር ማጭበርበር አይደለም?" ብሎ ተከራከረኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ማለቱ ነው፤ 16,650 ቤተሰብ ነው ያነጋገሩት። ቆሎው አንድ ኪሎም ይሁን አንድ ኩንታል፣ በደንብ ከተማሰለ ያው ሲኒ ይበቃል አልኩት። አላመነኝም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምንተማመነው በእንዲህ ያለ ናሙና ነው። ሲኒውን ካላመንክ ምን ይዘህ ልትቀር ነው? ይህን ስለው ቆሎውን ዘገነና ዝም አለ።

አሁን ወደ ሐፍረቴ ልምጣ። ፒ ቫሉን ለአሥራ ሁለቱም በስህተት ነው ያስተማርኳቸው። "ፒ ከ0.05 በታች ከሆነ ግኝታችሁ 95 በመቶ እውነት ነው ማለት ነው" አልኩ። በልበ ሙሉነት! እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነበር። ኖቴን ፎቶ አንሥቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት፤ ብዙ ልብ መጣልኝ። ሌሊት ላይ የጋሼ ቮይስ መጣ። "አንቺ ልጅ፣ የለጠፍሽውን አየሁት። እጅ ጽሑፍሽ ያምራል። የጻፍሽው ግን ስህተት ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒ ቫሉ "ግምቴ እውነት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?" የሚለውን አይመልስም። የሚመልሰው "በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ልዩነት በአጋጣሚ የማየው ስንት ጊዜ ነው?" የሚለውን ነው። ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ስህተቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ጋሼ አጽናኑኝ። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ ፒ ቫሉ መግለጫ እስከማውጣት ደርሷል፤ ፒ ቫሉ ግምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል አይለካም ሲል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ካፌው ውስጥ "ያለፈውን አጥፉት፣ ተሳስቻለሁ" አልኩ። አንዱ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ፤ ለካስ ጽሑፉን አስገብቶታል። ሐፍረቴን ለመሸሽ ጨዋታ አመጣሁ። ሁሉም ከኪሱ አንድ ሳንቲም አወጣ። አሥር ጊዜ ወርውሩ፣ ዘውድ ነው ጎፈር ጻፉ። ሳንቲሙ ትክክለኛ ከሆነ ከአሥር ዘጠኝ ወይም አሥር ጊዜ በአንድ ወገን የመውደቅ ዕድሉ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ሒሳቡ 22 ለ1,024። ፒ ቫሉው ያ ነው፤ ከ0.05 በታች ነው።

የአንዷ ሳንቲም ዘጠኝ ጊዜ ጎፈር ወደቀ። "የእሷ ሳንቲም ችግር አለበት!" ተባለ። ሳንቲሙን ከየት አመጣሽው? ጠዋት ወያላው የመለሰልኝ ነው አለች። እሺ፣ ወያላ መልስ ያስቀራል እንጂ የተዛባ ሳንቲም አስቀርጾ ይዞራል? 98 በመቶ እርግጠኛ ነኝ የሚል ማን ነው? ሁሉም ሳቁ። ሃያ ሰው ቢወረውር ቢያንስ አንዱ እንዲህ ያለ ውጤት የማግኘቱ ዕድል 35 በመቶ አካባቢ ነው። ሃያ ጥያቄ የያዘ መጠይቅ በትኖ "ፒው ያነሰበትን" ብቻ የሚጽፍ ሰው የልጅቷን ሳንቲም እየጻፈ ነው። ያን ቀን እኔም ጭምር ነው የተማርኩት። ከዚያ ወዲህ ኖቴን የምለጥፈው ከማስተማሬ በፊት ነው። የሚያርመኝ ካለ ቀድሞ ያርመኝ።

ቲ ቴስት ላይ ስንደርስ ሁሌም የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለ። ይህን ዘዴ ያመጣው ዊልያም ጎሴት የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ደብሊን ውስጥ። ጥቂት ናሙና ብቻ ይዞ ስለ ገብስና ስለ ጠመቃ መወሰን ነበረበት። በ1908 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ያሳተመው በራሱ ስም ሳይሆን "ስቱደንት" በሚል የብዕር ስም ነው። "የስቱደንት ቲ ቴስት" የሚባለው ለዚህ ነው፤ ለተማሪ የተሠራ ስለሆነ አይደለም። አንዱ የጎጃም ልጅ "ታዲያ ጠላ ጠማቂ አያቴ ናት የስታቲስቲክስ እናት" አለን።

ስለ ሶፍትዌር ብዙ አልልም። የተሰነጠቀ ኤስፒኤስኤስ በፍላሽ ተገልብጦ ከእነ ቫይረሱ ሲዞር ኖሯል፤ የእኔንም ላፕቶፕ አንዴ በልቶታል። አር የሚባለው የትንተና ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ጃስፕ የሚባለውም ነፃ ነው። ለጀማሪ ጃስፕ ይቀላል፤ እንደ ኤስፒኤስኤስ ሜኑ እየተጫኑ ነው የሚሠራው። አንዴ አውርዳችሁ ከጫናችሁት ኢንተርኔት ጠፋ አልጠፋ አያስጨንቃችሁም። አር መጀመሪያ ላይ ያስለቅሳል፤ ግን የሠራችሁትን እንዳለ ጽሑፍ አድርጋችሁ ለሚረዳችሁ ሰው መላክ ትችላላችሁ። ሩቅ ያለ ሰው "የቱን ተጫንሽ? ከዚያስ?" እያለ አይደክምም።

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲሶቹ አንዱ የራሱን ዳታ ይዞ መጣ። የአራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ቆሞ፣ ሰው ሰልፍ ከያዘ ጀምሮ እስኪሳፈር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ መዝግቧል። ሥራው ንጹሕ ነው። የሀበሻ ሰዓት መሆኑን እንኳ ከላይ ጽፏል፤ ኮራሁ። ሂስቶግራም ሠራን። ዜሮ ላይ አንድ ረጅም ግንድ ቆሟል። 14 ሰው ዜሮ ደቂቃ ጠብቋል።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኩት። "ተራ አስከባሪው በጎን ያስገባቸው?"

"አይደለም" አለ። "እነሱ ሰልችቷቸው ሰልፉን ትተው በእግራቸው የሄዱት ናቸው። አልተሳፈሩማ። ምን ልጻፍ? ዜሮ አልኩ።"

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ከሁሉም አብልጠው የጠበቁት ሰዎች ናቸው ዜሮ የተጻፈባቸው። ባዶ እንተወው? ያኔ ደግሞ ጭራሽ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ትተው እስከሄዱበት ድረስ ያለውን ደቂቃ እንጻፍ? መጨረሻ ላይ ስንት ይጠብቁ እንደነበር ግን ማን ያውቃል? እኔም መልሱን አላውቅም ነበር።

ማታ ልጁ ራሱ ጻፈው። ምን ማወቅ እንደፈለገ፣ ስንት ሰው እንደመዘገበ፣ 14ቱ እነማን እንደሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ መስመሮች። እኔ ያረምኩት አንድ ፊደል ብቻ ነው። ጋሼ ሌሊቱን መልሰዋል። "ይቺማ ደስ የምትል ጥያቄ ናት" የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩ የአሥራ አንድ ደቂቃ ቮይስ። ልጁ ሁለት ጊዜ ሰምቶታል። እኔ ገና ነኝ፤ ለቅዳሜ እርሳስና ወረቀት ይዤ ልሰማው አስቀምጬዋለሁ።